ረጅም ወግ በቫዮሊን

የጋዜጠኝነት ትምህርት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስተምረው ማሳጠርን ነው። ዋናውን ፍሬ ነገር ከላይ አስቀምጪ፤ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ የሚለውን በመጀመሪያው አንቀጽ ጨርሺ፤ የቀረው ወደ ታች እየሳሳ ይውረድ፤ አዘጋጁ ቦታ ሲጠበው ከጅራቱ በኩል ይቆርጠዋል። ደንቡ መልካም ደንብ ነው። እኔም ዲፕሎማዬን ይዤ ከወጣሁ ወዲህ፣ ቋሚ ደመወዝ በሌለው የብዕር ሥራ ስኳትን በዚሁ ደንብ እንጀራ በልቼበታለሁ። «አሳጥሪውና አምጪው» የሚለው ቃል እንደ ሁለተኛ ስሜ ሆኖ ለምዶኛል።

ይሁን እንጂ ሲያሳጥሩት የሚያምር ነገር እንዳለ ሁሉ ሲያሳጥሩት የሚሞት ነገርም አለ። ልጁ ለሞተበት ሰው «ሐዘንህን በአጭሩ ግለጽልን» አይባልም። የተጣሉ ሰዎችን የሚያስታርቅ ሽማግሌ «ቶሎ ቶሎ በሉ» ካለ እርቁ ከደጃፍ አያልፍም። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት በዚህ ወገን ስለሚመደብ አንድ የጥበብ ሥራ ነው፤ ይኸውም በአውሮፓ ክላሲካል ሙዚቃ ውስጥ ከወትሮው ልክ አልፈው ስለረዘሙ የቫዮሊን ኮንቸርቶዎች ነው። «ምነው ሌላ ርእስ ጠፋ?» የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ጥቂት ይታገሠኝ እንጂ ነገሩ ወደየቤታችን መምጣቱ አይቀርም።

ኮንቸርቶ በቀላሉ ሲነገር አንድ ሰው በብዙ ሰው ፊት ቆሞ የሚናገርበት የሙዚቃ ዓይነት ነው። ቫዮሊን የያዘ አንድ ሰው ወደ መድረኩ ይወጣል፤ ከኋላው 60፣ 70፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጥ ተጫዋች ያለበት ኦርኬስትራ ተሰልፏል። አንዱ ይላል፤ ብዙዎቹ ይመልሳሉ። አንዳንዴ ይስማማሉ፤ አንዳንዴ ይከራከራሉ፤ አንዳንዴም ብዙዎቹ ጮኸው አንዱን ያፍኑታል። ቫዮሊን ደግሞ ድምፁ ቀጭን ነው፤ አራት አውታርና አንድ ደጋን ብቻ። ስለዚህ ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ይህ ቀጭን ድምፅ በዚያ ሁሉ ሠራዊት ፊት ለስንት ጊዜ ሊሰማ ይችላል?

በቀድሞው ዘመን መልሱ አጭር ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይሏል።) በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጣልያናዊው ቪቫልዲ ከጻፋቸው ኮንቸርቶዎች ብዙዎቹ በ10 ደቂቃ ገደማ ያልቃሉ። ሞዛርት በ1775 የጻፈው 5ኛው የቫዮሊን ኮንቸርቶ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። በ1845 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማውና እስከ ዛሬ ከሁሉ ይልቅ ከሚወደዱት አንዱ የሆነው የሜንደልሶን ኮንቸርቶም ግማሽ ሰዓት አይሞላም። እዚያ ላይ ኦርኬስትራው ገና ትንፋሹን ሳያስተካክል ቫዮሊኑ ብድግ ብሎ ዋናውን ዜማ ይጀምራል። የጋዜጣ ሰው ቢደርሰው ኖሮ እንዲሁ ነበር የሚያደርገው፤ ፍሬ ነገሩ ከላይ።

ከሜንደልሶን ወደ 40 ዓመት ያህል ቀድሞ ግን ቤትሆቨን ሌላ መንገድ አሳይቶ ነበር። የእርሱ የቫዮሊን ኮንቸርቶ ዲሴምበር 23 ቀን 1806 በቪየና ከተማ፣ ቴአትር አን ዴር ቪን በተባለው ቤት፣ በፍራንትስ ክሌመንት ደጋን ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ። ሙዚቃው በቫዮሊን አይጀምርም። የሚጀምረው ቲምፓኒ በሚባለው ከበሮ ነው፤ ዝግ ያለ፣ እኩል እኩል የሆነ ምት፤ በር እንደሚያንኳኳ ትዕግሥተኛ እንግዳ። ከዚያ ኦርኬስትራው ጉዳዩን በሰፊው ይዘረዝራል። ቫዮሊነኛው በዚህ ጊዜ ሁሉ ዝም ብሎ ይቆማል፤ 3 ደቂቃ ያህል። ሦስት ደቂቃ በወሬ ቀላል ነው። አዳራሽ ሙሉ ዓይን እያየው እጁን አጣጥፎ ለሚቆም ሰው ግን የዋዛ አይደለም። ተራው ሲደርስ ደግሞ የሚያደርገው ጉራ መንዛት አይደለም፤ ቀስ ብሎ፣ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው፣ ወደ ላይ ይወጣና የሰማውን እንደገና ያስበዋል። የመጀመሪያው ክፍል ብቻውን ወደ 25 ደቂቃ ይጠጋል። ሜንደልሶን ነገሩን ሁሉ ለመጨረስ የወሰደው ጊዜ ማለት ነው።

የዚያ ምሽት ታዳሚ ከቫዮሊነኛ የሚጠብቀው ሌላ ነበር። ክሌመንት በዚያው ዝግጅት የራሱን ድርሰት፣ ቫዮሊኑን ገልብጦ ይዞ፣ በአንድ አውታር ብቻ እንደተጫወተ ይነገራል። ሕዝቡ የሚያጨበጭበው ለዚህ ዓይነቱ ተአምር ነበር። ረጅሙ ኮንቸርቶ ግን ለብዙ ዓመታት እምብዛም ሳይነካ ተቀመጠ። አቧራውን ያራገፈለት የ12 ዓመት ልጅ ነው። ዮሴፍ ዮአኪም የተባለው ይህ ልጅ ሜይ 27 ቀን 1844 ለንደን ላይ ሲጫወተው ኦርኬስትራውን የመራው ያው ሜንደልሶን ነበር፤ አጭሩን ኮንቸርቶ ለዓለም ሊያሰማ አንድ ዓመት እንኳ ያልቀረው ሰው። የአጭሩ ደራሲ ለረጅሙ ነፍስ ዘራለት። ጥበብ እንዲህ ያለ ቸርነት አላት።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው አንድ ነገር ነው። የቫዮሊን ኮንቸርቶ የረዘመው ቫዮሊኑ ብዙ ጣት ማሳየት ስለፈለገ አይደለም። ጣት ማሳየት 10 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ይሰለቻል። ኮንቸርቶ የረዘመው ቫዮሊኑ ማሳየቱን ትቶ ማሰብ፣ ማስታወስ፣ መጨነቅ ሲጀምር ነው። ማሳየት ጊዜ አይፈልግም። የሆነውን መናገር ግን ጊዜ ይፈልጋል።

ርዝመት ብቻውን ጽድቅ ነው እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ጀርመናዊው ማክስ ሬገር በ1908 ላይፕትሲግ ከተማ ውስጥ ያሰማው የቫዮሊን ኮንቸርቶ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ነው። የተማረ ሰው ሥራ መሆኑ ከመጀመሪያው ያስታውቃል። ለእኔ ጆሮ ግን ሐሳብ በሐሳብ ላይ እየተደራረበ መውጫው የሚጠፋበት ቤት ሆኖብኛል፤ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ መሐሉ ላይ ሻይ ላፈላ ተነስቻለሁ። የሚወዱት አሉ፤ ይውደዱት። እኔ ግን ረጅም ነገር ሁሉ ረጅም መሆን ነበረበት ወይ የሚለውን ጥያቄ ከእጄ አልጥልም። አዘጋጆች የከፈሉኝ ለዚሁ ጥያቄ ነውና።

ጥያቄውን በደንብ የመለሰልኝ እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ኤልጋር ነው። ኤልጋር ራሱ ቫዮሊን ተጫዋች ነበር፤ በወጣትነቱ በዉስተር ከተማ ቫዮሊን እያስተማረ ኖሯል። ኮንቸርቶው ኖቬምበር 10 ቀን 1910 ለንደን ውስጥ በኩዊንስ ሆል ተሰማ። ቫዮሊኑን የያዘው ዝነኛው ፍሪትስ ክራይስለር ነበር፤ መሪው ደግሞ ደራሲው ራሱ። እንደ ተጫዋቹ ፍጥነት ከ40 ደቂቃ ጥቂት ከፍ ከሚለው ጀምሮ እስከ 55 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። በነገራችን ላይ የቤትሆቨንም የኤልጋርም ኮንቸርቶ የሥራ ቁጥራቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም 61። አጋጣሚ ነው፤ ግን ደስ የሚል አጋጣሚ ነው።

በኤልጋር ድርሰት መግቢያ ላይ በስፓኒሽ የተጻፈ አጭር ዐረፍተ ነገር አለ። የአንድ ሰው ነፍስ በውስጡ እንዳለች የሚጠቁም ነው፤ ስሙ በሚገባበት ቦታ ግን 5 ነጥቦች ብቻ ተቀምጠዋል። ነጥቦቹ የማን ናቸው እየተባለ ከመቶ ዓመት በላይ ተጽፏል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። ሦስተኛው ክፍል በፍጥነት ይጋልባል፤ ማንም ሰው «አሁን አለቀ» የሚልበት ቦታ ላይ ይደርሳል። እዚያ ላይ ግልቢያው ይቆማል። ካዴንዛ ይባላል፤ ወትሮ ቫዮሊነኛው ብቻውን ሆኖ ችሎታውን የሚያሳይበት ቦታ ነው። ኤልጋር ግን ኦርኬስትራውን ዝም አላሰኘውም። ቫዮሊኖቹና ጓደኞቻቸው ደጋናቸውን ትተው አውታሮቹን በጣቶቻቸው ለስላሳ ሥጋ እያንገራገጩ፣ ልክ ሌሊት ከሩቅ የሚሰማ ክራር የመሰለ እርግብግብታ ያወጣሉ። በዚያ ላይ ብቸኛው ቫዮሊን የመጀመሪያውን ክፍል ዜማዎች አንድ በአንድ እያነሳ ያስታውሳል። ወደ በሩ ሄዶ እጀታውን ከያዘ በኋላ ዞር ብሎ ቤቱን እንደሚያይ ሰው ነው። ማሳጠር የሚወድ አዘጋጅ መጀመሪያ የሚቆርጠው ይህን ነው፤ አዲስ ነገር የለበትምና። ይህ ከሌለ ግን የቀረው ግልቢያ ብቻ ነው።

መቁረጡም አልቀረም። በ1916 ኤልጋር ከማሪ ሆል ጋር ኮንቸርቶውን በሸክላ ሲያስቀርጽ፣ በዚያ ዘመን አንድ የሸክላ ፊት የሚይዘው ከ4 ደቂቃ ብዙ ስለማያልፍ፣ ሥራው ተቆራርጦ በ4 ፊት ብቻ ገባ። ከግማሽ በላዩ ወደቀ ማለት ነው። የቀረጻው መሣሪያ ያንን ለስላሳ እርግብግብታ መስማት ስለማይችል በካዴንዛው ላይ በገና የመሰለው ሀርፕ ተጨመረበት። ደራሲው ራሱ ቆራጭ ሆነ። ቴክኒክ ጌታ ሲሆን እንዲህ ነው።

ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ1932፣ ነገሩ ተቃና። ኤልጋር የ75 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ፣ የሁዲ ሜኑሂን የ16 ዓመት ልጅ ሆኖ፣ ለንደን ውስጥ በአቢ ሮድ ስቱዲዮ ሙሉውን ቀረጹት። ሜኑሂን በኋላ ደጋግሞ እንዳወሳው፣ ሽማግሌው መጀመሪያ ጥቂት ከሰማው በኋላ የሚያርመው እንደሌለ ነግሮት ወደ ፈረስ እሽቅድምድም ሄደ። አድማጩ ያኔ ሸክላውን ደጋግሞ እየገለበጠ፣ እየለወጠ መስማት ነበረበት። ግን ሙሉ ነበር። ይህ ቅጂ ዛሬም ይሸጣል፤ ዛሬም ይሰማል። የ1916ቱን የሚፈልገው ግን የታሪክ ተመራማሪ ነው።

እንግዲህ ነገሩን ወደ ቤቴ ላምጣው ብዬ ነበርና ላምጣው።

የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። እናቴን የመገጣጠሚያ ሕመም ከያዛት ቆይቷል፤ ሐኪሞቹ ሩማቶይድ አርትራይተስ ይሉታል፤ እርሷ ቁርጥማት ብላ ትጠራዋለች። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አይታጠፉላትም። ስኒ የምትይዘው በሁለት እጇ ነው። ሌሊት ትነቃለች፤ እንዳትቀሰቅሰኝ ብላ ዝም ትላለች፤ ዝምታዋ ይቀሰቅሰኛል። ቀን ጎረቤት ይመጣል፤ «እንደምን አደሩ?» ይላል። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ትላለች። ይህ መልስ ከልቧ ነው፤ ነገር ግን ለጥያቄው መልስ አይደለም። ጠያቂውም ያውቀዋል። ቡናው ይጠጣል፤ ወሬው ወደ ኑሮ ውድነት ይዞራል።

አንድ ጊዜ ወደ አንድ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ከማለዳ ጀምሮ ተሰልፈን ቆየን። ተራችን ሲደርስ ሐኪሙ ካርዱን እያየ፣ ቀና ሳይል፣ «ባጭሩ የት የት ነው የሚያምዎት?» አላት። ከውጭ የተሰለፈውን ሕዝብ አይቻለሁና በሰውየው ብዙም አልፈርድም። እናቴም ትእዛዝ አክባሪ ናት፤ «ጉልበቴንና እጄን» አለችና ጨረሰች። መድኃኒት ተጻፈላት። በታክሲ ስንመለስ መስኮቱን እያየች፣ «ስለ ሌሊቱ ሳልነግረው» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

ያን ሰሞን ነው አለን ፔተርሶን የተባለውን ስዊድናዊ ማዳመጥ የጀመርኩት።

ፔተርሶን የተወለደው በ1911 ሲሆን ያደገው በስቶክሆልም ከተማ፣ ሶደርማልም በሚባለው ያኔ የድሆች መንደር በነበረ ሰፈር ነው። አባቱ መጠጥ ያሸነፈው አንጥረኛ ነበር፤ እናቱ መዝሙር የምትዘምር መንፈሳዊ ሴት ነበረች። ልጁ የገና ካርድ እየሸጠ ባጠራቀመው ገንዘብ ቫዮሊን ገዛ። በኋላ ቪዮላ ተጫዋች ሆኖ በስቶክሆልም ኦርኬስትራ ውስጥ ለዓመታት አገለገለ። ማታ ማታ ደግሞ ይጽፋል። በ1940ዎቹ የራሱን ግጥሞች በዜማ አድርጎ 24 መዝሙሮች ደረሰ፤ «የባዶ እግር መዝሙሮች» ብሎ ሰየማቸው። ከዚያ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሕመሙ መጣ፤ ያው የእናቴ ሕመም፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ። መጫወቱ ቀረ። ባለቤቱ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነበረች፤ ደግፋ አኖረችው። አሳንሰር በሌለው ሕንጻ ላይ ከፍ ያለ ፎቅ ውስጥ ይኖር ስለነበር ደረጃው እስር ቤት ሆነበት። እጁ እየከዳው ሲምፎኒ በሲምፎኒ ላይ ጻፈ፤ በ1968 በአንታል ዶራቲ መሪነት የተሰማው 7ኛው ሲምፎኒ ስሙን አወጣለት።

በ1977 ሁለተኛውን የቫዮሊን ኮንቸርቶ ጻፈ። 53 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። እንደ ቤትሆቨንና እንደ ኤልጋር በሦስት ክፍል የተከፈለ አይደለም፤ አንድ ወጥ ነው፤ የሚያሳርፍ፣ የሚያስስል፣ ወንበር የሚያስተካክል ፋታ የለውም። ቫዮሊኑ ከጥግ እስከ ጥግ ሊባል በሚችል መጠን ያለ ዕረፍት ይጫወታል። ኦርኬስትራው ደግሞ አጃቢ አይደለም፤ ጎርፍ ነው። ብዙ ጊዜ ይውጠዋል። ደጋኑ ሲሄድ ሲመለስ ታያለህ እንጂ ድምፁን አትሰማም የሚባልበት ቦታ አለ። ጎርፉ ሲጎድል ግን ቫዮሊኑ እዚያው ነው፤ አልቆመም ነበር፤ እኛ ባንሰማውም ሲናገር ኖሯል። «ይህ የአጻጻፍ ጉድለት ነው» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ኮንቸርቶ ብቸኛውን ሊያሰማ የተፈጠረ ነውና ነቀፌታው ከባድ ነው። ለእኔ ግን ዋናው ነገር እዚያ ላይ ያለ ይመስለኛል። ሰው ስላልተሰማ ዝም አለ ማለት አይደለም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ከእነዚያ ከባዶ እግር መዝሙሮች የአንዱ ዜማ ተቀብሯል። ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ቀላል፣ ሕፃን ሊዘምረው የሚችል ዜማ ነው። በመጀመሪያ ስብርባሪው ብቻ ነው የሚሰማው፤ እያደር እየተገጣጠመ ሄዶ ወደ መጨረሻው ግልጥ ብሎ ይወጣል። እርሱን ወስዶ መጀመሪያ ላይ ማስቀመጥ ይቻል ነበር፤ በ4 ደቂቃ ያልቅ ነበር፤ የሚያምር የ4 ደቂቃ ዜማም ይሆን ነበር። ነገር ግን ያን ጊዜ ዜማው ዜማ ብቻ ነው። ከ40 ደቂቃ ጎርፍ በኋላ ሲመጣ ግን በሕይወት የተረፈ ሰው ነው። ርዝመቱ የተከፈለው ለዚህ ነው።

ይህን ሥራ ጃንዋሪ 25 ቀን 1980 ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተችው በፖላንድ የተወለደችው አይዳ ሀንደል ናት፤ የስዊድን ሬዲዮ ኦርኬስትራን ኸርበርት ብሎምስቴት መራ። የምትገርም ሴት ነበረች። በ1970ዎቹ መጨረሻ የኤልጋርን ኮንቸርቶ ከሽማግሌው አድሪያን ቦልት ጋር ቀርጻ ነበር፤ ከ50 ደቂቃ በላይ የፈጀ፣ አዝጋሚ ከሚባሉት ቅጂዎች አንዱ ነው። መቸኮል የማትወድ ሰው ለሁለቱም ረጃጅሞች ተገኘችላቸው። ፔተርሶን ኮንቸርቶው ከተሰማ 5 ወር ሳይሞላ፣ ጁን 20 ቀን 1980 ሞተ። ከዚያ ወዲህ ሌሎችም፣ እነ ኢዛቤል ቫን ኩለንና እነ ኡልፍ ዋሊን ቀርጸውታል።

አንድ ሌሊት እናቴ ነቅታ አገኘችኝ። እኔ ስልኩን ከራስጌ አስቀምጬ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጌ፣ ይህንኑ እሰማለሁ።

«ማናት እንዲህ የምታለቅሰው?» አለችኝ።

«ሰው አይደለም እማዬ፤ ቫዮሊን ነው።»

ጥቂት አዳመጠች። እናቴ ያደገችው ገጠር ነው፤ ሙሾ አውራጅ ምን እንደሆነች በሚያውቅ አገር። «አልቃሽ እንኳ ተቀባዮቿ ሲመልሱላት ትንፋሽ ትወስዳለች» አለች። «ይቺ አታርፍም እንዴ?»

ስለ ሙዚቃው ካነበብኩት ሁሉ ይህን ያህል በአጭሩ የገለጸልኝ አልነበረም። የኮንቸርቶ ሕግ እኮ ይኸው ነው፤ አንዷ ታወርዳለች፣ ብዙዎቹ ይቀበላሉ፣ በመቀበላቸው ታርፋለች። ፔተርሶን ጋ ተቀባዮቹ አይቀበሏትም፤ ስለዚህ አታርፍም።

«የደረሰው ሰው ያንቺው ሕመም ነበረበት» አልኳት።

ዝም አለች። ቆየት ብላ፣ «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አለች።

«አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው።»

«ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙለት?»

«ሰሙለት።»

«ታዲያ ምን ጎደለበት» አለች እናቴ።

ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ መናገር ጀመረች። ስለ ሌሊቱ ነው። ሕመሙ ከየት እንደሚነሳ፣ በየት ዞሮ የት እንደሚያርፍ፣ ዶሮ ሲጮህ ምን እንደሚሆን፤ በእንቅልፍ ልቧ የሟች እኅቷን እጅ እየያዘች እንደምትነቃ። እኔ ስልኩን አጠፋሁት። ሰዓት አላየሁም። መስኮቱ ሲነጣ ገና አልጨረሰችም ነበር።

ከዚህ ተነስቼ «ሙዚቃ ያድናል» ወደሚል ስብከት መሄድ አልፈልግም። ሙዚቃ የእናቴን ጣት አላጠፈላትም፤ የፔተርሶንንም አላጠፈለትም። የታመመ ሁሉ ኮንቸርቶ አይጽፍም፤ የፔተርሶንንም ሥራ የሕመም ካርድ አድርጎ ማንበብ ደራሲውን ማሳነስ ነው። እያንዳንዱን ድምፅ ያስቀመጠው ሕመሙ ሳይሆን ሰውየው ነው፤ ለዓመታት ኦርኬስትራ መካከል ተቀምጦ የተጫወተ፣ ፓሪስ ድረስ ሄዶ የተማረ ባለሙያ። የምለው ሌላ ነው። አንዳንድ ነገር ትክክለኛ ልኩ ረጅም ነው። ቤትሆቨን ለመጠበቅ፣ ኤልጋር ለማስታወስ፣ ፔተርሶን ሳይሰማም ቢሆን ላለማቆም ያን ያህል ጊዜ አስፈለጋቸው። ከዚያ የቀነሰ ሰው ያሳጠረው ጊዜውን ሳይሆን ነገሩን ነው። የ1916ቱ ሸክላ ለዚህ ምስክር ነው።

ዛሬ ደግሞ የሸክላ ፊት አነሰን ብለን የምናመካኝበት ዘመን አይደለም። በኪሳችን የምንይዘው ስልክ 53ቱንም ደቂቃ ያለ ቆረጣ ይጫወታል። የጠበበው መሣሪያው አይደለም፤ እኛ ነን። ዘፈን በ30 ሴኮንድ ካልያዘን እናልፈዋለን፤ ሰውን ደግሞ ሰላምታ ላይ እናልፈዋለን።

ለመሞከር የሚፈልግ አንባቢ ካለ መንገዱን ላመልክተው። መጀመሪያ የቤትሆቨንን የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ስማ፤ ያን 3 ደቂቃ ቫዮሊኑን ሳትናፍቅ ከበሮውን ተከተል። በሌላ ቀን የሜኑሂንንና የኤልጋርን የ1932 ቅጂ ፈልግና ሦስተኛው ክፍል ላይ ግልቢያው የሚቆምበትን ቦታ ጠብቅ። ፔተርሶንን መጨረሻ ላይ አድርገው፤ ቀን ሳይሆን ማታ፣ ሰው ሲተኛ። መሐል ላይ ትደክማለህ። ደራሲው እንድትደክም ይፈልጋል፤ ቫዮሊነኛዋም ደክማለች። አትነሳ። ያ ትንሽ ዜማ እየመጣ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ሙዚቃው ባይጥምህም ትዕግሥቱ ይተርፍሃል። እቤትህ ውስጥ «ደህና ነኝ» እያለ የሚኖር ሰው አይጠፋምና።